ለአያቶቻችን የትኛውን ዘፈን እንክፈትላቸው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ።

ሰሞኑን ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። አያቱን ከላስታ ገጠር ለሕክምና ወስዶ እሱ ዘንድ አስቀምጧቸዋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ይውላሉ። «ቲቸር፣ ስፒከር ገዝቻለሁ። የሚወዷቸውን የድሮ ዘፈኖች ዝርዝር ይላኩልኝ፤ የታሪክ መምህር አይደሉ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሲገቡበት ግን ትልቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። የላስታ ሴት በልጅነቷ ምን ትዘፍን ነበር? የት? ከማን ጋር?

ከሩቅ ልጀምር፤ ከጃፓን።

ጃፓን ውስጥ ከ100 ሰው 29 ያህሉ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ነው። አሮጊትና ሽማግሌ የሚውሉባቸው የቀን መዋያ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ በብዛት ከምታገኟቸው ነገሮች አንዱ ካራኦኬ ነው። ቃሉ ሲፈታ «ባዶ ኦርኬስትራ» እንደማለት ነው፤ ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ የለም፣ የዘፋኙን ቦታ አንተ ትሞላለህ። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1971 ኮቤ ከተማ ውስጥ የሠራው ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ሙዚቀኛ ነው ይባላል። ሰውዬው የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም። በዓለም ሁሉ የተዘፈነበት ነገር ለእሱ ሀብት አልሆነለትም።

እዚያ ያሉ ተንከባካቢዎች ለአሮጊቶች ዘፈን ሲመርጡ ዝም ብለው «የድሮ» አይሉም፤ ሂሳብ ይሠራሉ። ዛሬ 85 ዓመት የሆናት ጃፓናዊት እ.ኤ.አ. በ1961 የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ያ ዓመት ክዩ ሳካሞቶ ያን ዝነኛ ዘፈኑን ያወጣበት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣውን። ከ90 ያለፉት ደግሞ አገራቸው በጦርነት ፈርሳ በነበረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ስለ ቀይ ፖም የተዘፈነውን ዘፈን በልጅነታቸው ሰምተዋል። ከተማው አመድ ሆኖ ሳለ ስለ ፖም ተዘፈነ፤ ሕዝቡም ያንን ይዞ ተነሣ። ሂሳቡ መሠረት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ ሰው ሲያረጅ ከሁሉ ደምቆ የሚታወሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለው ጊዜ ነው። ትናንት የበላችውን የረሳች አሮጊት በ15 ዓመቷ የዘፈነችውን ከነዜማው ልትወጣው ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የጃፓኖቹን የድሮ ዘፈን፣ «እንካ» የሚሉትን ስትሰሙ «ይሄማ የእኛ ነው» ማለታችሁ አይቀርም። ብዙዎቹ ዘፈኖች የሚሠሩበት ስልት ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው የወጡለት ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራሉ። እነዚህ የእኛ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ናቸው። ሐዘን የሚያጠላበት ስልታቸውም ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ የቃኘው ሻለቃን ያነሣል። እውነት ነው፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮቻችን ለዕረፍት ጃፓን ይወሰዱ ነበር፤ የጃፓንን ዘፈን የሰሙም አሉ። ግን አምስት ድምፅ ያለው ስልት በዓለም ብዙ ቦታ ለየብቻው የበቀለ ነገር ነው። የወሎ ማሲንቆ ደግሞ የትኛውም ወታደር መርከብ ከመሳፈሩ በፊት ትዝታን ሲጫወት የኖረ ነው። ወንድማማችነቱ ደስ ይበለን፤ አባትነቱን ግን ለማንም አንስጥ።

አሁን የጃፓኖቹን ሂሳብ ወደ ላስታ እናምጣው።

ዛሬ ከ60 እስከ 65 ዓመት ያሉትን እናቶች እንውሰድ። ጉርምስናቸው ከ1967 እስከ 1975 ዓ.ም. ባለው ውስጥ ይወድቃል። የእድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች በ1967 ገጠር ሲገቡ አይተዋል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል የቆጠሩት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። የቀበሌ ኪነት፣ የሴቶች ማኅበር፣ ሰልፍ፣ መፈክር፣ ይህ ሁሉ በዘፈን ነበር። ካሴትም በዚያው ዘመን ተስፋፋ። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እና እነ ማሪቱ ለገሰ የእነዚህ እናቶች ናቸው። ለእነሱ ስፒከር ይሠራል፤ አምባሰሉንና ባቲውን ክፈቱላቸው፣ ትከሻቸው ራሱ ይነግራችኋል።

75 ዓመት ወደሞላት እናት እንሂድ። በ1942 ገደማ ተወልዳለች። በልጅነቷና በጉርምስናዋ፣ በ1950ዎቹ፣ አዲስ አበባ ላይ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ደርተዋል። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ነግሠዋል። አስናቀች ወርቁ ከመድረክ ተዋናይነቷ ጋር ክራሯን ይዛለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። «የድሮ ዘፈን» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ይሄ ነው አይደል?

ችግሩ ይህ ሁሉ የከተማ ታሪክ ነው። የያኔዋ የላስታ ገጠር ልጅ መብራት የላት፣ ሸክላ ማጫወቻ የላት። ሬዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጥላሁን የደረሳት በኋላ ነው፤ ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ፣ ትራንዚስተር ቤት ሲገባ። ለእሷ ጥላሁን በጉልምስናዋ የመጣ የተከበረ እንግዳ ነው፤ የልጅነት ጓደኛዋ ግን አይደለም። ላሊበላ ከተማ ያደጉት ወይም ባላቸው ወታደር ሆኖ አገር ያዞራቸው ይለያሉ። ብዙኃኑ ግን እንዲህ ነው።

ታዲያ የልጅነት ጓደኛዋ ማን ነው? የራሷ አፍ። ዘፋኟ እሷው ነበረች።

አራት ቦታ ትዘፍን ነበር። አንደኛው አሸንድዬ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የላስታ ልጃገረዶች ረጅሙን አረንጓዴ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን ይወጣሉ። ዋግ ላይ ሻደይ ይሉታል፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል። አባቶች መነሻውን ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል፤ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ ከተመለሰችው ርግብ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ውኃና እንጨት፣ ከብትና ሕፃን ላይ ተጠምዳ ለምትከርም ልጅ እነዚህ ቀናት በዓመት አንዴ በሰፊው የምትለቀቅባቸው ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞረች የባለቤቱን ስም እየጠራች ታወድሳለች፤ ካልሰጣትም በግጥም ትሸነቁጠዋለች። ታላቅ ሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገር ልጅ በእነዚያ ቀናት ብቻ ባለ ርስቱን በአደባባይ ትተቸዋለች። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የመናገር ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ሰርግ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ብሎ ነበር፤ 18 የሆነው በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ወረቀቱ 15 ይበል እንጂ በእኛ ደጋ ከዚያም በታች የተዳሩ እናቶች ሞልተዋል። ስለዚህ የሰርግ ዘፈን ስትከፍቱላቸው ተጠንቀቁ። ለጓደኛዋ ሰርግ የዘፈነችው ያስቃታል፤ ለራሷ ሰርግ የተዘፈነላት ግን ምናልባት እንባዋን የዋጠችበት ነው። ሁለቱ አንድ ዜማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው ወፍጮ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ መጁን ትይዛለች። የወፍጮ ዘፈን ምቱ ከክንድ ነው የሚወጣው፤ ወደፊት ስትገፋ አንድ ሐረግ፣ ወደኋላ ስትስብ አንድ ሐረግ። ሁሉም ተኝቷል። የድንጋዩ ድምፅ ቃሏን ግማሽ ይሸፍንላታል። ስለዚህ ስለ አማቷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ናፈቀቻት እናቷ የፈለገችውን ትላለች። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ብዙ ጉልበት ተረፈላት፤ እሰየው። ግን ዘፈኑ ቦታውን አጣ። ሞተር ፊት ተሰልፎ ወፍጮ የዘፈነ የለም። የታሪክ መጻሕፍት የቴክኖሎጂን ጥቅም ሲጽፉ አብሮት የሄደውን ድምፅ አይጽፉትም።

አራተኛው ለቅሶ ነው። ሙሾ ዘፈን አይባልም፤ ግን ከሁሉ የከበደው መዝገብ እሱ ነው። ዛሬ 80 የሞላቸው እናቶች የ1928ቱን የማይጨው ዘመቻ አላዩትም፤ ከእናቶቻቸው ሙሾ ግን ሰምተውታል። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ግን ራሳቸው አልቅሰውታል። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ «ከአያታችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁ ኑ» ብዬ ስሰጥ፣ አንዲት ልጅ በ1977 እና 78 ከወሎ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፈራ ስለሄዱ ዘመዶች የተለቀሰ ሙሾ ይዛ መጣች። በሙሾው ውስጥ የሄዱት ሰዎች ስም በተራ ተጠርቷል። መጽሐፋችን በሰፈራው የሄዱት 600,000 ገደማ ናቸው ይላል። ሙሾው በስም ይጠራቸዋል። ሁለቱም ታሪክ ነው፤ ክፍሉ ግን በቁጥሩ ጊዜ ሲያዛጋ፣ በስሙ ጊዜ ጸጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የእነዚህ እናቶች ዘፈን አሠራሩ አውራጅና ተቀባይ ነው። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባና በእልልታ ይቀበላሉ። አውራጇ ተቀባዮቹ በሚቀበሏት ጊዜ ውስጥ ነው ቀጣዩን ግጥም የምታስበው። ተቀባይ ከሌለ ማሰቢያ ጊዜ የላትም፤ ሁለት ስንኝ ብላ ታቆማለች። «ረሳሁት ልጄ» ትላለች። አልረሳችውም። የሚቀበላት አጥታ ነው።

የጃፓኑ መሣሪያ የሚያጎድለው ዘፋኙን ነው፤ ሙዚቃውን ሞልቶ የዘፋኙን ቦታ ባዶ ይተዋል። የእኛ ባዶ ቦታ ሌላ ነው። ዘፋኟ አለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣለች። የጠፋው ተቀባዩ ነው። ይህን ደግሞ ስፒከር አይሞላውም። ስፒከር ራሱ አውራጅ ነው፤ ያወርዳል እንጂ አይቀበልም። አሮጊቷን ሰሚ ብቻ ያደርጋታል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታወርድ የኖረችን ሴት ሰሚ አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ፣ በፍቅርም ቢሆን፣ አፏን መዝጋት ነው።

ይህ ነገር በተግባር ሲሆን አይቻለሁ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ላሊበላ ላይ ሲደርስ፣ ለወራት መብራትም ስልክም ጠፍቶ እንደነበር የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ማታ ማታ በየቤቱ ጨለማ ነው። የሁሉም ስልክ ባትሪ አልቋል፤ የጫናቸው ሺህ ዘፈኖች አብረው ሞተዋል። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የሚሰማው ድምፅ የአሮጊቶቹ ነበር። ሕፃናቱን ለማስተኛት እሹሩሩ ይላሉ፤ ሲፈሩባቸው ደግሞ የአሸንድዬን ዜማ ዝቅ አድርገው ያወርዱላቸዋል። ልጆቹም ሌላ የሚሰሙት ስለሌለ ይቀበላሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት፣ ከዚያ በፊት «ረሳሁት» ሲሉ የኖሩ፣ በእነዚያ ሌሊቶች የማያልቅ ግጥም አወጡ። ከየት መጣላቸው? ተቀባይ አገኙ፤ በቃ። መብራቱ ሲመለስ ልጆቹ ወደ ስልካቸው ተመለሱ። እሳቸውም እንደገና «ረሳሁት» ማለት ጀመሩ። መብራት ይጥፋ እያልኩ አይደለም፤ ያንን ጊዜ ማንም አይመኘውም። ግን ከመከራው ውስጥ የተማርነውን እንኳ ይዘን እንውጣ።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪዬና ለሁላችሁም የምለው ይህ ነው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቋቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ቢባሉ አይመልሱም። «ንጉሡ ሲወርዱ አግብተው ነበር? በ77ቱ ስንት ልጅ ነበረዎት?» በሉ። ከዚያ ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

ጊዜውን አክብሩ። በጾም ወራት ዘፈን ጠይቃችሁ አታሳቅቋቸው። ቆብ የጫኑ እማሆይ ከሆኑ ደግሞ ዓለማዊውን ዘፈን ትተውታል። እሳቸውን መዝሙር ወይም የእመቤታችንን ምስጋና ጠይቁ፤ ተቀባይነቱ ያው ነው። የልጅነታቸውን የአሸንድዬ ጨዋታ በወሬ እንዲነግሯችሁ መጠየቅ ግን ነውር የለበትም፤ አንዳንዴ ወሬው ራሱ ወደ ዜማ ያዘነብላል።

ሙሾን እናንተ አትጀምሩት። እሳቸው ከጀመሩት ግን አታቋርጡ፤ «ይተዉት እማማ፣ አያልቅሱ» አትበሉ። ያለቀሱትን ስም የሚሰማላቸው ይፈልጋሉ።

ለመጀመር ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ እጃቸው ሥራ ይያዝ። ቡና ይቁሉ፣ ጥጥ ይፍተሉ፣ ምስር ይልቀሙ። የእነዚህ ዘፈኖች ማስታወሻ ደብተር እጅ ነው። ሶፋ ላይ ቁጭ አድርጋችሁ «ይዝፈኑ» ብትሏቸው ያፍራሉ፤ እንዝርት ስትሰጧቸው ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያኔ ጭብጨባውን ጀምሩ። ቃሉን ባታውቁትም የመጨረሻዋን ሐረግ ይዛችሁ መልሱላቸው። ብትሳሳቱ እንዲያውም ጥሩ፤ ለማረም ሲሉ ሙሉውን ያወጡታል።

ስልካችሁን አውጥታችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ቀድታችሁ ወዲያው ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉ ከሆነም ይህንኑ ንገሯቸው። የወፍጮ ዘፈን ድንጋይ ድምፅ ሥር ተሸሽጎ የተባለ ነገር ነው፤ ዓለም ይስማልኝ ተብሎ አልተባለም።

ዝርዝሩንም ለልጁ ልኬለታለሁ፤ አልነፈግኩትም። የአስናቀችን ክራር፣ የማሪቱን አምባሰል፣ አንቺሆዬም ጨምሬበታለሁ። የወሎ ሰው አንቺሆዬን በልማድ ለላስታ ይሰጣል፤ አያቱ የአገራቸውን ቅኝት ሲሰሙ ቀና ማለታቸው አይቀርም። ዝርዝሩ በር መክፈቻ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ስፒከሩን አጥፋው፣ ልጆችህንም ጥራቸው አልኩት።

ታሪክ ስናስተምር «ምንጭ» የምንለው ነገር አለ፤ ድንጋይ፣ ብራና፣ ደብዳቤ። ላሊበላ የድንጋዩ ምንጭ ሞልቷታል። ዓለም ሁሉ መጥቶ ያየዋል፣ ይጠግነዋል፣ ይጨነቅለታል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ወጣ ብሎ ባለች ጎጆ ውስጥ የተቀመጠችው ምንጭ ግን ጣሪያ አይሠራላትም። ድንጋዩ 800 ዓመት ቆይቷል፤ ይቆየናል። እሷ ግን የሚቀረን ጊዜ አጭር ነው።

እንደ ልማዴ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እናታችሁን ወይም አያታችሁን «በልጅነትዎ አውራጅ ነበሩ ወይስ ተቀባይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። አውራጅ ከነበሩ ተቀበሏቸው። ተቀባይ ከነበሩም ማን ያወርድላቸው እንደነበረ ጠይቁ፤ የአንዲት የተረሳች ዘፋኝ ስም ታገኛላችሁ። ስሙን ጻፉት። እዚህም ላኩልኝ፤ እኔም ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሰላም እደሩልኝ።